የካርታ አዳዩ ጉርሻ እና የሎተሪ አዟሪው ኮሚሽን፦ ለአንድ ትንቢት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ ለእኔም ደረሰኝ። የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ በአሜሪካዋ ላስ ቬጋስና በቻይናዋ ማካው ካዚኖዎች፣ ማለትም የቁማር ቤቶች፣ ካርታ የሚያድሉና ሩሌት የተባለውን ኳስ የሚዞርበት የቁማር ጎማ የሚያሽከረክሩ ሠራተኞች፣ ዲለር የሚባሉት፣ በአሥር ዓመት ውስጥ በማሽን ይተካሉ። ማሽን ርካሽ ነው፤ ማሽን አያጭበረብርም፤ ከሥራ የሚወጡት ሠልጥነው የተሻለ ሥራ ያገኛሉ፤ ሠራተኛው ይህን ሊያስቆም አይችልም፤ ቁማርም ራሱ አብሮ ይቀንሳል። ከዚያ ፊታቸውን ወደ አዲስ አበባ ይመልሱና፣ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ አደባባይ ሎተሪ ይዘው የሚዞሩት ልጆች ዕጣም ይኸው ስለሆነ ሎተሪው በሙሉ ፈጥኖ ወደ ስልክ ይግባ፣ አዟሪዎቹም ከመንገድ ይነሡ ብለው ይደመድማሉ።

ጽሑፉ ጥሩ ብዕር ባለው ሰው የተጻፈ ነው። ያሳሰበኝም ይኸው ነው፤ ያነበቡት ወዳጆቼ ሁሉ ራሳቸውን ነቅንቀው አልፈውታል። እኔ ቁማርተኛ አይደለሁም፤ ለእንቁጣጣሽ ሎተሪ ብቻ በየዓመቱ እሸነፋለሁ። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍሁት በባንክ መስኮት ጀርባ ገንዘብ ስቆጥር ነው። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ላስ ቬጋስ ውስጥ ብላክጃክ በሚባለው የካርታ ቁማር ጠረጴዛ ላይ ቆማ ትሠራለች። ስለዚህ ነገሩ በሁለት በኩል ይነካኛል።

ከቁጥሩ ልጀምር፤ ጽሑፉ የቆመው በእርሱ ላይ ነውና። ጸሐፊው ዲለሮች በማሽን የመተካት ዕድላቸው 96 በመቶ ነው ይሉናል። ቁጥሩን ከኪሳቸው አላወጡትም። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ካርል ፍሬይና ማይክል ኦስቦርን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት 702 የሥራ ዓይነቶችን መዝነው ለካዚኖ ዲለር የሰጡት ነጥብ ነው። ነገር ግን የመዘኑት ሥራው በኮምፒውተር ሊሠራ የሚችል መሆን አለመሆኑን ነው። መቼ፣ በስንት ወጪ፣ በማን ፈቃድ የሚለው በሚዛኑ ላይ አልተቀመጠም። ስንት ሥራ በእርግጥ በማሽን እንደሚተካ ለመገመት እንዳልሞከሩ ተመራማሪዎቹ እዚያው ጥናት ውስጥ ጽፈዋል። ጸሐፊያችን ይህን ዓረፍተ ነገር ዘለውታል። በዚያው ሠንጠረዥ የእኔ ሥራ፣ የባንክ ገንዘብ ከፋይነት፣ 98 በመቶ ተሰጥቶታል፤ ከዲለሩ የባስሁ ሟች እኔ ነበርሁ ማለት ነው። ደግሞም ጸሐፊው ያላዩት ሌላ መስመር አለ፤ የዲለሮቹ ተቆጣጣሪ ያገኘው ነጥብ 28 በመቶ ብቻ ነው። ሠሪው ይሄዳል፣ የሚያየው ይቀራል። በቁጥሮቹ ካመንን ልናወራ የሚገባን ስለዚህ ነበር።

ጥናቱ ከወጣ ደግሞ አሥር ዓመት አልፎታል። ቬጋስ ዛሬም ዲለር ትቀጥራለች።

ሁለተኛው ነጥባቸው ካዚኖ ማሽን የሚያስገባው ደመወዝ ለመቆጠብ ነው የሚል ነው። ከፊሉ እውነት ነው፤ የሚበልጠው ግን ስሕተት ነው። ሻፍል ማስተር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 ሚኒሶታ ውስጥ ተመሠርቶ በ1992 የመጀመሪያ የካርታ መበወዣ ማሽኑን ወደ ካዚኖ አስገባ። ከዚያ ወዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗል። መበወዝ ከዲለሩ እጅ ወጥቷል፤ ዲለሩ ግን ከጠረጴዛው አልተነሣም። ታዲያ ካዚኖው ለምን ገዛው? ይልቁንስ ለምን ተከራየው? ኩባንያው ማሽኑን በአብዛኛው በወር ኪራይ ያቀርብ ስለነበር ማሽኑም እንደ ሰው ወርኃዊ ክፍያ ነበረው። መልሱ ፍጥነት ነው። ካርታ በእጅ ሲበወዝ ጨዋታው ይቆማል፤ ጨዋታው በቆመ ቁጥር ካዚኖው አያገኝም። ማሽኑ አንዱን ካርታ ሲበውዝ ዲለሯ ሌላውን ታድላለች፤ በአንድ ሰዓት የሚታደለው ዙር ይበዛል፤ ካዚኖው ከእያንዳንዱ ዙር የሚያገኘው ትንሽ ብልጫም እንዲሁ ይባዛል።

የአክስቴ ልጅ ስለዚህ ስትናገር የምታነሣው ደመወዟን አይደለም። በእጅ የምትበውዝበት ያ ጥቂት ደቂቃ ለእርሷም ለተጫዋቹም ማረፊያ ነበረ። ሰው ቀና ብሎ የሚያያት፣ ከየት እንደመጣች የሚጠይቃት፣ ቀልድ የሚወረውርላትና ጉርሻ የሚጥልላት ያን ጊዜ ነው። ማሽኑ መጥቶ እጇን አሳረፈው፤ ትከሻዋን ግን አደከመው፤ ፋታው ጠፋና። ጉርሻ እዚያ የቡና ማለት እንዳይመስላችሁ። ላስ ቬጋስ የምትገኝበት የኔቫዳ ግዛት ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 12 ዶላር ነው፤ የብዙ ዲለሮች ደመወዝም ከዚያው አካባቢ ብዙ አይርቅም። ቤት የሚከራየው፣ ልጅ የሚያስተምረው፣ ወደ አዲስ አበባም የሚላከው ከጉርሻው ነው። ጉርሻው በአብዛኛው ተሰብስቦ በዲለሮቹ መካከል ይከፋፈላል፤ ስለዚህ አንድ ጠረጴዛ ሲቀዘቅዝ የሁሉም ድርሻ ይቀንሳል።

ጸሐፊው ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቃል የላቸውም፤ በእኔ ግምት ግን የዲለርነት ሥራ ሁለመናው ያለው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ዊን ላስ ቬጋስ የተባለው ካዚኖ ጉርሻው ለተቆጣጣሪዎችም እንዲካፈል ሲወስን ዲለሮቹ ተቆጡ፤ በ2007 ድምፅ ሰጥተው የትራንስፖርት ሠራተኞች ማኅበር አባል ሆኑ። ከማሽን ይልቅ የጉርሻ ሳጥን ወደ ማኅበር አስገባቸው። አሁን ደግሞ በማካው ትላልቅ ካዚኖዎች እየተዘረጋ ያለ ሌላ ነገር አለ፤ በገንዘብ ፈንታ በሚያስይዙት ክብ ቺፖች ሆድ ውስጥ የሬዲዮ መለያ የተቀበረባቸው ጠረጴዛዎች። ጠረጴዛው ራሱ ማን ስንት እንዳስያዘ ያውቃል፤ ዲለሯ ስንት መክፈል እንዳለባት ያሰላል፤ በሰዓት ስንት ዙር እንዳደለች ይመዘግባል። ዲለር ከጠረጴዛ ስትነሣ መዳፏን ገልብጣ ለካሜራ ማሳየት ዱሮም ልማዷ ነው፤ መታየት አዲሷ አይደለም። አዲሱ ነገር ስሌቷም መታመን ማቆሙ ነው። በአእምሮ ፈጥኖ ማስላት የዚያ ሙያ ኩራት ነበር። ያ ችሎታ ወደ ጠረጴዛው ሲገባ ወንበሩ ላይ ያለችው ሰው በቀላሉ የምትለወጥ ትሆናለች፤ በቀላሉ የምትለወጥ ሠራተኛ ደመወዝ እንዴት እንደሚሆን ደግሞ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከካዚኖ አዳራሽ ሙሉ በሙሉ ተጠርጎ የወጣ ሥራ ካስፈለገ አለ፤ ጸሐፊው ግን አላነሡትም። በቁማር ማሽኖቹ መካከል ሳንቲም ተሸክመው እየዞሩ ገንዘብ የሚዘረዝሩ ሴቶች ነበሩ፤ በጓዳ ደግሞ ሳንቲም የሚመዝኑና የሚጠቀልሉ ሠራተኞች። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ማሽኖቹ በሳንቲም ፈንታ ወረቀት ማተም ጀመሩ፤ ተጫዋቹ ከአንዱ ማሽን ያገኘውን ወረቀት በሌላው ይከተዋል። የሳንቲሙ ጩኸት ከነሠራተኞቹ ጠፋ። ለእነዚያ ሴቶች ትንቢት የጻፈላቸው አልነበረም። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ሰው መሳይ ካርታ አዳይ ሮቦት ስትታይ ግን ጋዜጣው ሁሉ ጻፈ፤ ዛሬ በየካዚኖው ቆማ የምታድለው እርሷ አይደለችም።

ለጸሐፊው ተገቢውን ልስጥ። አነስተኛ ገንዘብ የሚያስይዝ ተጫዋች የሚቀመጥባቸው ጠረጴዛዎች በእርግጥ እየቀነሱ ነው። በእነርሱ ቦታ እንደ ሲኒማ በረድፍ የተደረደሩ ስክሪኖች ይቆማሉ፤ ፊት ለፊት አንዲት ዲለር ታድላለች፤ በስክሪኖቹ ላይ በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎች በእርሷ ካርታ ይወራረዳሉ። ከኮቪድ ወረርሽኝ በኋላ፣ ሰው ተራርቆ እንዲቀመጥ ሲገደድና ሠራተኛም ሲጠፋ፣ እነዚህ በፍጥነት ተስፋፍተዋል። ለጀማሪ ዲለር መማሪያ የነበሩት ርካሽ ጠረጴዛዎች ስለሆኑ የጉዳቱ መጠን ከቁጥሩ ይበልጣል። ይህ ነጥብ የእርሳቸው ነው።

ማካው ላይ ግን እንደገና ስተዋል። ማሽኑ በራሱ ኃይል የመጣ አስመስለው ነው የጻፉት። በማካው ዲለር ሊሆን የሚችለው የዚያው ነዋሪ ብቻ ነው፤ መንግሥት ከውጭ ሰው እንዲመጣ አይፈቅድም። የጠረጴዛውም ቁጥር ጣሪያ አለው፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ወዲህ በጠቅላላው 6,000 ጠረጴዛና 12,000 ማሽን። ጠረጴዛ መጨመር ያልተፈቀደለት፣ ዲለርም እንደልቡ መቅጠር ያልቻለ ካዚኖ አንዷን ዲለር በስክሪን ለብዙ ሰው ያደርሳታል። እዚያው ግን ያው ሕግ የአገሬውን ዲለር ከቦታው እንዳይነሣ ጠብቆታል። ማሽኑ ያው ማሽን ነው፤ በቬጋስና በማካው የተለያየ ነገር የሚሠራው የሚገባበት ሕግ ስለሚለያይ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ማሽን አያጭበረብርም የሚለው፣ ሳነብ ያሳቀኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 አይኦአክቲቭ የተባለ የኮምፒውተር ደኅንነት ድርጅት ባለሙያዎች ዴክሜት 2 በተባለው መበወዣ ማሽን ላይ ትንሽ መሣሪያ ሰክተው የካርታውን ቅደም ተከተል ማወቅ እንደሚቻል በአደባባይ አሳዩ። ማሽኑ በውስጡ ካሜራ አለው፤ ካርታ አለመጉደሉን እንዲያረጋግጥ የተሰጠው ዓይን ለአጭበርባሪው ዓይን ሆነለት። በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ፌዴራል ዓቃቤ ሕግ ደግሞ በተነካኩ የመበወዣ ማሽኖች ፖከር በተባለው የካርታ ጨዋታ ሰው ዘርፈዋል ያላቸውን ብዙ ሰዎች ከሷል።

ለእኛ ለሎተሪ ገዢዎች የሚቀርበው ግን ሌላ ታሪክ ነው። በአሜሪካ የብዙ ግዛቶችን ሎተሪ በሚያስተባብረው ማኅበር ውስጥ የኮምፒውተር ደኅንነት ኃላፊ የነበረ ሰው ዕጣ በሚያወጣው ኮምፒውተር ውስጥ የራሱን መስመር ጽፎ ነበር፤ በተወሰኑ ቀናት የሚወጣውን ቁጥር አስቀድሞ ለማወቅ የሚያስችለው። በታኅሣሥ 2010 እ.ኤ.አ. አዮዋ ውስጥ የገዛው ቲኬት 16.5 ሚሊዮን ዶላር ደረሰው። ገንዘቡን ለመውሰድ በሌላ ሰው በኩል ሲሞክሩለት ጥርጣሬ ተነሣ፤ የመደብሩ ካሜራም ድምፁንና መልኩን ይዞት ስለነበር ተያዘ፤ በ2017 እስከ 25 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ጠባቂው ራሱ ነበር ሌባው፤ ኮምፒውተሩም ለዓመታት አላጋለጠውም። በብሔራዊ ሎተሪ አዳራሽ ዕጣ በሕዝብ ፊት ሲወጣ የሚያይ ሰው ቢያንስ የሚያየው ነገር አለው። በሰርቨር ውስጥ የሚወጣን ዕጣ ማን ያያል? ጸሐፊው ሎተሪው ሙሉ በሙሉ ወደ ስልክ ይግባ ሲሉ ይህን ጥያቄ አላነሡም። ዲጂታል ሎተሪ ሁሉ ሌብነት ነው እያልሁ አይደለም። የሰው እጅ ከጠረጴዛው ሲነሣ ከመጋረጃው ጀርባ ወደ ሌላ ሰው እጅ ይሄዳል፤ ያ ሰው ደግሞ መዳፉን ገልብጦ ለካሜራ አያሳይም።

ከሥራ የሚወጡት ሠልጥነው የተሻለ ሥራ ያገኛሉ የሚለው አራተኛ ነጥባቸው ምሳሌ አልቀረበለትም። እኔ ላቅርብላቸው፤ ደስ የሚላቸው ከሆነ። ኢቮሉሽን የተባለው የስዊድን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2006 ተመሠርቶ በላትቪያዋ ሪጋ ትልቅ ስቱዲዮ አቋቋመ። እዚያ እውነተኛ ሰው በእውነተኛ ጠረጴዛ ላይ እውነተኛ ካርታ ያድላል፤ ተጫዋቹ ግን በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ሶፋው ላይ ሆኖ በስልክ ያየዋል። ካሜራ ካርታውን አንብቦ ወደ ስክሪኑ ያስተላልፋል። ለንደን ውስጥ በማሽን ይተካሉ የተባሉት ዲለሮች ሪጋ ውስጥ፣ ትብሊሲ ውስጥ፣ ቡካሬስት ውስጥ በሺዎች ተቀጠሩ። ስለዚህ የጸሐፊው ትንቢት በሁለት በኩል ከሸፈ፤ ቴክኖሎጂው ዲለርን አላጠፋም፣ ለዲለርም የተሻለ ሥራ አልሰጠም። ወንበሩን ብቻ አንሥቶ ደመወዝ ርካሽ ወደሆነበት አገር ወሰደው።

በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. የትብሊሲው ስቱዲዮ ሠራተኞች በደመወዝና በሥራ ሁኔታ ምክንያት አድማ መቱ፤ ከመካከላቸው የረሃብ አድማ እስከማድረግ የደረሱ ነበሩ። ኩባንያው ሥራውን ወደ ሌሎች አገሮች ስቱዲዮዎች አዙሮ በጆርጂያ ያለውን የሠራተኛ ቁጥር ቀነሰ። ጠረጴዛው መሬት ላይ የተተከለበት ካዚኖ ይህን ማድረግ አይችልም፤ ቬጋስን ነቅሎ ሌላ አገር መትከል አይቻልምና። በካሜራ የሚታይ ጠረጴዛ ግን ካሜራው ባለበት ሁሉ ይተከላል። የአክስቴን ልጅ የሚያስፈራት ሮቦት ሳይሆን ይህ ነው፤ ሥራዋን አንድ ቀን በእርሷ ሩብ ደመወዝ የምትሠራ ሌላ ሴት። ያቺ ሴት የአዲስ አበባ ልጅ ብትሆን ደግሞ እኔ ከማን ወገን እንደምቆም እንጃ።

ሠራተኛው ሊያስቆም አይችልም ያሉትን በአጭሩ ልለፈው። የላስ ቬጋስ የምግብ ቤትና የሆቴል ሠራተኞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ ቴክኖሎጂ ሲገባ ሠራተኛው አስቀድሞ እንዲነገረውና እንዲሠለጥን የሚያስገድድ ውል ተፈራረመ። በኅዳር 2023፣ ከፎርሙላ አንድ ውድድር ጥቂት ቀናት በፊት፣ ሠራተኛው አድማ ሊወጣ በተዘጋጀበት ሰዓት ደግሞ በቴክኖሎጂ ምክንያት ሥራው ለሚጠፋ ሠራተኛ በአገለገለበት በእያንዳንዱ ዓመት 2,000 ዶላር እንዲከፈለው አስፈረመ። ጸሐፊው ይህን ማኅበር ስሙን ጠርተው የዲለሮች ማኅበር አድርገውታል፤ አይደለም። ማኅበሩ የሚወክለው አብሳዮችን፣ አስተናጋጆችንና ክፍል አዘጋጆችን ነው። ዲለሮች በብዛት ማኅበር የላቸውም፤ ያላቸውም በሌላ ማኅበር ሥር ናቸው። ስለዚህ ያ 2,000 ዶላር የአክስቴን ልጅ አይመለከታትም። አንድ ጣሪያ ሥር፣ አሳላፊው ውል አለው፣ ካርታ አዳይዋ የላትም።

አሁን ወደ ስድስተኛው ነጥብ፤ ከሁሉም ይልቅ ለመጻፍ ያነሣሣኝ እርሱ ነው። ጸሐፊው ቁማር የሚጎዳ ነገር ስለሆነ አዳዩ ሲጠፋ ቁማሩም ይቀንሳል ይላሉ። ቁማር ይጎዳል፤ እስማማለሁ። የቀረውን ግን የዓለም ልምድ ሁሉ ይቃወመዋል። በእጅ የሚሽከረከር ሩሌት በሰዓት ከ40 ዙር ብዙም አያልፍም። ኳሷ መዞር አለባት፤ ቺፑ መሰብሰብና መከፈል አለበት፤ ሰው ያወራል፣ ያዛጋል። በቁልፍ የሚሠራው ማሽን በሰዓት በመቶዎች የሚቆጠር ዙር ያስጫውታል። እንግሊዝ አገር በየሰፈሩ የውርርድ ቤት ውስጥ ዲለር የሌለበት የሩሌት ማሽን ገብቶ ነበር፤ በየ20 ሰከንዱ እስከ 100 ፓውንድ ማስያዝ ይቻል ነበር። ሰው ደመወዙን ከምሳ በፊት ይጨርስበታል። የቤተሰብና የሕክምና ባለሙያዎች ጩኸት በዝቶ መንግሥት በሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. ከፍተኛውን ማስያዣ ከ100 ወደ 2 ፓውንድ አወረደው። ያን ማሽን ከዲለር ጠረጴዛ የከፋ ያደረገው አንዱ ነገር ፊት ለፊቱ ሰው አለመኖሩ ነው።

ዲለሯን ቅድስት ለማድረግ አይደለም። ደመወዟ ከካዚኖው፣ ጉርሻዋ ከተጫዋቹ ነው፤ ተነሥና ወደ ቤትህ ሂድ ስትል ብዙ አትሰማም። ሆኖም እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ከፊቷ ሲቀመጥ ታያለች፤ ለተቆጣጣሪ ልትናገር ትችላለች፤ ቢያንስ ሰውየው መታየቱን ያውቃል። ስልክ ይህን አያደርግም። በእኛው ከተማ የሆነውን ደግሞ ሁላችንም አይተነዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በየመንደሩ የተከፈቱትን የስፖርት ውርርድ ቤቶች የከተማው አስተዳደር ሲያሽግ ብዙ ወላጅ እፎይ ብሎ ነበር። በር ሲዘጋ የቆመው ሰልፉ ብቻ ነው። ዛሬ ከአራት ኪሎ በታክሲ ስትወርዱ አጠገባችሁ የተቀመጠው ወጣት ስልክ ላይ የውርርድ ጨዋታዋ አውሮፕላን ስትወጣ፣ ቁጥር ሲበዛ፣ ከዚያም ስትጠፋ ታያላችሁ። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር በየኪሱ ስላለ ገንዘብ ለማስያዝ የሰው እጅ አያስፈልግም። ዱሮ በውርርድ ቤቱ መስኮት ላይ የተቀመጠችው ልጅ፣ ከሰፈሩ ከሆነች፣ ‹‹አንተ፣ አባትህ ያውቃሉ?›› ልትል ትችል ነበር። ለጸሐፊው ይህ ዓይነቱ ሰው መነሣቱ መልካም ዜና ነው።

አዲስ አበባ ከገባን ዘንድ ሎተሪ አዟሪዎቹ ጋ እንቆይ። ጸሐፊው አዟሪው ቲኬት ከማቀበል ሌላ ሥራ የሌለው አስመስለው ነው ያቀረቡት። በቸርችል ጎዳና ወይም በስታዲየም ዙሪያ የቆመ አዟሪ የወጣውን የዕጣ ዝርዝር ይይዛል፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ቁጥሩን ያስተያያል፤ ትንሽ ብር የደረሰውን ቲኬት በአዲስ ቲኬት ይለውጣል፤ መንገድ ለጠፋው መንገድ ያሳያል። ከዚህ ውስጥ ስልክ የሚሠራው የትኛውን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የዕጣ ቁጥር ማስተያየትን ከአዟሪው የተሻለ ይሠራል። ቲኬቱን ልብሱ ውስጥ አጥቦ ለሚያጠፋ እንደ እኔ ላለ ሰውም የስልኩ ሎተሪ ይሻላል። በዚህ አልከራከርም።

የምከራከረው ከመንገድ ይነሡ በሚለው ላይ ነው። መጀመሪያ ነገር፣ በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ የፒያሳን ጥንታዊ ሰፈሮች ሲያነሣ አዟሪው የሚቆምበት ጥግም፣ ቆሞ የሚገዛው ደንበኛም አብረው ተነሥተዋል። ማሽን አይደለም ያን ያደረገው። ሁለተኛ፣ አዟሪው ከሥራው ቢነሣ ምን ያገኛል? በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ድርጅት ምርታማነትን ለማሳደግ አዲስ ቴክኖሎጂ አስገብቶ ሠራተኛ ቢቀንስ፣ ይህ የታወቀ የማሰናበቻ ምክንያት ነው፤ ነገር ግን ዋጋ አለው። ሠራተኛው በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለሚቀጥለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያን ሲሶ የስንብት ክፍያ ያገኛል፤ በቅነሳ ሲሰናበት ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርለታል። አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከተወካዮቹ ጋር ሳይመክር የሚቀነሰውን መምረጥም አይችልም። የባንክ መስኮቴ በማሽን ቢተካ ይህ ሁሉ የእኔ መብት ነው። አዟሪው ግን ተቀጣሪ አይደለም። ቲኬቱን ወስዶ ይሸጣል፣ በሸጠው ልክ ኮሚሽኑን ያገኛል፤ ባልሸጠበት ቀን ምንም። አዋጁ የሚያውቀው ሰው አይደለምና ሊሰናበትም አይችልም። ነገ ሎተሪው በሙሉ ስልክ ውስጥ ቢገባ እርሱን ለማስነሣት አንድ ደብዳቤ እንኳ መጻፍ አያስፈልግም።

የአክስቴ ልጅ ሁኔታ ከዚህ ብዙም አይርቅም። የላስ ቬጋስን አካባቢ የሚያስተዳድረው ክላርክ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2023 ትንሿ ኢትዮጵያ ብሎ በሰየመው የላስ ቬጋስ ሰፈር ከሚገናኙት ሐበሾች ብዙዎቹ ካዚኖ ውስጥ ወይም ታክሲ ላይ የሚሠሩ ናቸው፤ ከዚያ የሚመጣውን ዶላር ስንት ጊዜ በራሴ መስኮት መንዝሬያለሁ። ታክሲዎቹንም ቢሆን ሹፌር የሌላቸው መኪኖች እየተጠጓቸው ነው። ጸሐፊው ይህ የእኛ ጉዳይ የሚሆነው በሎተሪ በኩል ብቻ ነው ማለታቸው የባንክ ሰልፍ ቆመው ባለማየታቸው ይመስለኛል።

እንግዲህ ጸሐፊው ሁለተኛ ክፍል እንደሚጽፉ በጽሑፋቸው መጨረሻ ቃል ገብተዋል። በዚያ ላይ ሁለት ነገር ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል። ቲኬት በአዟሪ እጅ ሲሸጥ ለአዟሪው የሚቆረጠው ኮሚሽን፣ ሎተሪው በስልክ ሲሸጥ ወደ ማን ይሄዳል? ወደ ሎተሪው፣ ወደ ስልክ ኩባንያው ወይስ ወደ ሶፍትዌር አቅራቢው? ከዚያ ኮሚሽን ውስጥ ከፊሉ ለተወሰኑ ዓመታት ተመዝግበው ለሚሠሩ አዟሪዎች ይቅር፣ ወይም እነርሱ ራሳቸው በስልክ ሻጭ ሆነው በየሰፈሩ ይመዝገቡ ቢባል የሚቃወሙት በምን ምክንያት ነው?